አይጠጣም፣ አይሰክርም፣ ደመወዙን ያመጣል

ለተከበራችሁ የጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፦

በጤና ዓምዳችሁ ላይ ኦሲዲ (ኦብሴሲቭ ኮምፐልሲቭ ዲስኦርደር) ስለተባለው የአእምሮ ሕመም ያወጣችሁትን ጽሑፍ በጥሞና አንብቤዋለሁ። ስለ አእምሮ ጤና በአማርኛ የሚጻፈው ጥቂት በሆነበት በአሁኑ ጊዜ እንዲህ ያለ ዓምድ መኖሩ ያስመሰግናችኋል። ይሁን እንጂ በጽሑፉ ውስጥ በምሳሌነት የቀረበው የቢሮ ኃላፊ፣ ማለትም የጠረጴዛውን ዕቃ በመስመር ሳይደረድር ሥራ የማይጀምረው፣ የበታቾቹን ሥራ እንደገና ካልሠራው የማይረካውና በዚህም ጠባዩ የሚኮራው ሰው፣ የኦሲዲ ታማሚ አይመስለኝም። እኔ በሥነ ልቦና ሕክምና ሙያ ላይ የተሰማራሁ ስሆን እንዲህ ያሉ ሰዎች በየጊዜው ወደ እኔ ይመጣሉ። ችግራቸው ሌላ መልክና ሌላ ሕክምና ያለው በመሆኑ ልዩነቱን ለአንባቢዎቻችሁ ማስረዳት ተገቢ ነው ብዬ ይህን ደብዳቤ ጽፌያለሁ።

ኦሲዲ ያለበት ሰው ሳይፈልገው እየመጣ በሚያስጨንቀው ሐሳብ ይሠቃያል። እጄ ቆሽሿል የሚለው ሐሳብ ወይም በሩ አልተቆለፈም የሚለው ጥርጣሬ ከንቱ መሆኑን አብዛኛውን ጊዜ ያውቀዋል፤ ሆኖም ደጋግሞ ከመታጠብና ተመልሶ ከማየት ራሱን መግታት ያቅተዋል፤ በዚህም ስለሚያፍር ከሰው ይደብቀዋል። ኦሲፒዲ በሚል አጭር ስም የሚታወቀው ኦብሴሲቭ ኮምፐልሲቭ ፐርሰናሊቲ ዲስኦርደር ግን የስብዕና መታወክ ነው። ይህ ያለበት ሰው ጠባዩን በሕመም አይፈርጀውም፤ ትክክለኛው የአኗኗር መንገድ አድርጎ ይይዘዋል። ጥፋቱ ሥራን በአግባቡ በማይሠሩት፣ ሰዓት በማያከብሩትና ዕቃን ወደ ቦታው በማይመልሱት በሌሎቹ ሰዎች ላይ እንደሆነ ከልቡ ያምናል። ሁለቱ ችግሮች በአንድ ሰው ላይ አብረው ሊገኙ ይችላሉ፤ ኦሲዲ ካለባቸው ሰዎች መካከል አንድ አራተኛ ያህሉ ኦሲፒዲም እንዳለባቸው በውጭ አገር የተደረጉ በርካታ ጥናቶች አመልክተዋል። አብዛኞቹ ኦሲፒዲ ያለባቸው ሰዎች ግን እጃቸውን ደጋግመው የሚታጠቡ ስላልሆኑ፣ በዓምዳችሁ የተዘረዘሩትን ምልክቶች ያነበበ የቤተሰብ አባል «የእኛ ሰው ይህ የለበትም» ብሎ ጋዜጣውን አጥፎ ያስቀምጠዋል።

ጠባዩ አዲስ ግኝት አይደለም። ሲግመንድ ፍሮይድ እ.ኤ.አ. በ1908 ባሳተመው አጭር ጽሑፍ ሥርዓት ወዳድነት፣ ቆጣቢነትና እልኸኝነት በአንድ ሰው ላይ ተሰባስበው እንደሚገኙ አመልክቶ ነበር። የአሜሪካ የሥነ አእምሮ ሐኪሞች ማኅበር የሚያሳትመው የምርመራ መመሪያ ደግሞ ስምንት መስፈርቶችን ያስቀመጠ ሲሆን፣ ከእነዚህ ቢያንስ አራቱ ከወጣትነት ጀምሮ በተለያዩ የሕይወት መስኮች ሲታዩ ምርመራው ይሰጣል። ሰውየው በዝርዝር፣ በደንብና በፕሮግራም ከመጠመዱ የተነሳ የሥራውን ዓላማ ይስታል፤ እንከን የለሽ ካልሆነ እያለ ሥራውን ሳይጨርሰው ይቀራል፤ ችግር ሳያስገድደው ዕረፍቱንና ወዳጆቹን ለሥራ ይሠዋል፤ በሥነ ምግባር ጉዳይ ላይ ድርቅ ይላል፤ እኔ በምለው መንገድ ካልተሠራ ብሎ ሥራ አያካፍልም። የማይረባ ዕቃ መጣል አለመቻል፣ ለክፉ ቀን እያሉ ገንዘብን ከራስም ከሰውም መንፈግና በጠቅላላው ግትር መሆንም ከመስፈርቶቹ ውስጥ ናቸው። እ.ኤ.አ. በ2013 የወጣው የመመሪያው አምስተኛ እትም የችግሩን ስርጭት በሕዝብ መካከል ከ2.1 እስከ 7.9 በመቶ አድርጎ ያስቀምጠዋል፤ ይህም ከስብዕና መታወክ ዓይነቶች ሁሉ በብዛት ከሚገኙት አንዱ ያደርገዋል። ይህን ያህል የተስፋፋ ችግር በክሊኒኮቻችን የሕሙማን ካርድ ላይ ግን ስሙ ተጽፎ የሚገኘው ከስንት አንዴ ነው።

ምክንያቱን ለመረዳት ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። በእኛ ዘንድ የአእምሮ ሕመም ሲነሳ ዓይናችን የሚሄደው ልብሱን ጥሎ ወደሚሮጠው ወይም መንገድ ላይ ብቻውን ወደሚያወራው ሰው ነው። ሸሚዙን ተኩሶ የሚለብስ፣ ከሥራ ገበታው የማይቀር፣ የማንም ዕዳ የሌለበት ሰው ታማሚ ነው ቢባል የሚያምን የለም። ትዳሩ ሲናጋም ጉዳዩ ለሐኪም አይቀርብም፤ ለሽማግሌዎች ነው የሚቀርበው። ሽማግሌዎቹም የሚስቲቱን አቤቱታ አዳምጠው «ልጄ፣ ሰውየው አይጠጣም፣ አይሰክርም፣ ደመወዙን ያመጣል፤ ታዲያ ምን በደለሽ?» ይሏታል። እሷም መልስ ታጣለች። በደሏ ጠዋት ከረከቦቱ አቀማመጥ ጀምሮ ማታ እስከ መጋረጃው እጥፋት ድረስ በየደቂቃው ሲጠራቀም የዋለ እንጂ ቆጥራ የምታቀርበው አንድ ጉልህ ጥፋት አይደለም። ሽማግሌዎቹን ለመውቀስ አይደለም ይህን የምጽፈው፤ በነጭ ጋዋን ውስጥ ያለነውም ብንሆን ብዙውን ጊዜ ያንኑ ፍርድ ነው የምንሰጠው።

ከማገኛቸው ሰዎች የብዙዎቹን ታሪክ አጣምሬ፣ ማንም እንዳይለይበት አድርጌ አንድ ሰው ላቅርብ። በሂሳብ ሥራ ላይ ያለ፣ ሃምሳዎቹን የጀመረ ሰው ነው። የመጣው በራሱ ፈቃድ አይደለም፤ ለዓመታት የጨጓራና የራስ ምታት መድኃኒት ሲወስድ ከቆየ በኋላ የውስጥ ደዌ ሐኪሙ «ጭንቀት ሳይሆን አይቀርም» ብሎ ልኮት ነው። ገና ከመቀመጡ በፊት ግድግዳው ላይ ጠመም ብሎ የተሰቀለውን ካላንደር አቃናው። የሕመሙን ታሪክ በቀንና በሰዓት ሠንጠረዥ አዘጋጅቶ፣ በፕላስቲክ ማኅደር ይዞ መጥቷል። የወር ሪፖርቱ በቀኑ ደርሶ አያውቅም፤ የሚዘገየውም ስህተት ተገኝቶበት ሳይሆን፣ የአንዱ ዓምድ አሃዞች ከሌላው ጋር አልገጠሙም እያለ እንደገና ሲያትም ስለሚያመሽ ነው። ረዳት ሲመደብለት የረዳቱን ደረሰኝ በሙሉ ራሱ መልሶ ስለሚያመሳክር ሥራው በእጥፍ ጨመረ። ቤት ውስጥ ሚስቱ ያጠበችውን ሳህን እንደገና ያጥባል፤ ልጁ የቤት ሥራዋን የጻፈችበትን ገጽ ኅዳጉ ጠማማ ነው ብሎ ቀዶ እንደ አዲስ ያስጽፋታል። ልጅቷ ከፍ ስትል «አባዬ» ማለቱን ትታ ከእናቷ ጋር ስታወራ አባቷን «እሳቸው» እያለች መጥራት ጀመረች። ይህን የነገረችኝ ሚስቱ ናት። እሱ ስለ ቤቱ ሲጠየቅ የሰጠው መልስ «ቤቴ ሰላም ነው፤ ሁሉም ነገር በሥርዓት ነው» የሚል ነበር፤ ሲናገርም አልዋሸም፤ የሚታየው እንደዚያ ነው።

ምርመራው የሚሳሳተውም እዚህ ላይ ነው። ታካሚውን ብቻ አነጋግሮ ወይም መጠይቅ አስሞልቶ ኦሲፒዲን ማግኘት አስቸጋሪ ነው፤ ምክንያቱም መጠይቁ የሚጠይቀውን ሁሉ ሰውየው እንደ ምስጋና ይሰማዋል። ስለዚህ በታካሚው ፈቃድ የትዳር ጓደኛውን፣ ያደገ ልጁን ወይም የቅርብ ባልደረባውን ማነጋገር የምርመራው አካል መሆን አለበት። ለታካሚው የሚቀርበውም ጥያቄ ስለ ሥርዓት ወዳድነቱ ሳይሆን ስለሚያስከፍለው ዋጋ ቢሆን ይመረጣል። እኔ በግሌ «ለመጨረሻ ጊዜ ሥራዎን ለሌላ ሰው ሰጥተው ውጤቱን ሳያዩ የተዉት መቼ ነው?»፣ «የዓመት ፈቃድዎን በምን አሳለፉት?»፣ «ቤትዎ ውስጥ አንድ ነገር እርስዎ ካሉት ውጭ ሲሠራ ሰውነትዎ ላይ ምን ይሰማዎታል?» ብዬ እጠይቃለሁ። በተለይ የመጨረሻው ጥያቄ ስለ መርህ የሚደረገውን ረጅም ክርክር አቋርጦ ወደ ደረት መጨናነቁና ወደ እንቅልፍ ማጣቱ ያደርሰናል።

ጊዜውም መጣራት አለበት። የስብዕና መታወክ ከጉርምስና ማብቂያ ጀምሮ የሚታይ ነው። ዕድሜውን ሙሉ ዝርክርክ የነበረ ሰው በስተርጅና ድንገት ድርቅ ያለና ዕቃ የሚያከማች ከሆነ መጠርጠር ያለበት የአንጎል ሕመም ነው፤ ይህን ሰው ወደ ነርቭ ሐኪም መላክ ይገባል። ድብርት መኖር አለመኖሩም አስቀድሞ ይፈተሻል፤ በድብርት ውስጥ ያለ ሰው ውሳኔ ስለሚያቅተው ከሩቅ ሲታይ ፍጹምነትን የሚፈልግ ሊመስል ይችላል።

ከዚህ ሁሉ በላይ ግን ባለሙያው መመሪያውን ከእኛ ኑሮ ጋር እያገናዘበ መጠቀም ይኖርበታል። የማይረባ ዕቃ አለመጣል የሚለውን መስፈርት ቃል በቃል ብንወስደው፣ ፌስታል አጥፋ የምታስቀምጠውንና የዘይት ጀሪካን ለቆራሌው የምታጠራቅመውን እናት ሁሉ ታማሚ ማድረጋችን ነው። የ1977ቱን ረኃብ በዓይኑ ያየ ሰው ጎተራው ሳይጎድል እህል ቢሸምት፣ ንብረቱ የተወረሰበት ቤተሰብ ልጅ የሰነድ ቅጂ በየመሳቢያው ቢያስቀምጥ ተሞክሮው ያስተማረው ነገር ነው። ጾምን በሰዓቱ የሚጠብቅ፣ ሶላቱን የማያሳልፍ ሰውም የሃይማኖቱን ሥርዓት እየፈጸመ እንጂ እየታመመ አይደለም፤ መመሪያውም ራሱ በባህልና በሃይማኖት የሚገለጽን ጥብቅነት ከምርመራው ውጭ ያደርገዋል። ልዩነቱ የሚታወቀው ሁኔታው ሲለወጥ ነው። ጤነኛው ጾመኛ ሐኪም በሕመሙ ምክንያት እንዳይጾም ሲነግረውና የነፍስ አባቱ ሲፈቅዱለት ይበላል፤ ኦሲፒዲ ያለበት ግን የነፍስ አባቱን ስለ ቀኖና ሊያስተምራቸው ይነሳል። እንዲህ ባለ ጉዳይ አንድ ካህን ታካሚዬን ጠርተው «ልጄ፣ ከታዘዝከው በላይ መጨመርም አለመታዘዝ ነው» ማለታቸው እኔ ለሳምንታት ከተናገርኩት ይበልጥ ሲሠራ አይቻለሁ።

የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. ከጥር 2022 ጀምሮ ሥራ ላይ ያዋለው አይሲዲ-11 የተባለው የበሽታዎች ምደባ የስብዕና መታወክን በየስሙ መከፋፈሉን ትቶ በመጀመሪያ ክብደቱን ቀላል፣ መካከለኛ ወይም ከባድ ብሎ እንዲለካ፣ ከዚያም ጎልተው የሚታዩትን ባሕርያት እንዲገልጽ አድርጓል። ከአምስቱ ባሕርያት አንዱ አናንካስቲያ ሲሆን እዚህ የምናወራለትን ግትርነትና ፍጹምነት ፈላጊነት ያመለክታል። ብዙ ባልደረቦቼ ለውጡን አልወደዱትም። እኔ ግን ለእኛ አገር ይሻላል ባይ ነኝ፤ በተጨናነቀ ተመላላሽ ክፍል ውስጥ ያለ ባለሙያ ስምንት መስፈርት ከመቁጠር ይልቅ «ይህ ጠባይ የሰውየውን ሥራና ቤት ምን ያህል አናግቷል?» ብሎ መጠየቅ ይቀለዋል።

ሆኖም ይህን የሚጠይቅ ባለሙያ ማዘጋጀት ይጠበቅብናል። በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የሥነ አእምሮ ስፔሻሊቲ ሥልጠና እ.ኤ.አ. በ2003 ከተጀመረ ወዲህ፣ ቀድሞ የአማኑኤል ሆስፒታል ብቻ ሸክም የነበረው አገልግሎት ወደ ክልሎችም መድረሱ ትልቅ እርምጃ ነው። በጤና ጣቢያ ደረጃ ያሉ ባለሙያዎች የሚሠለጥኑበት የዓለም ጤና ድርጅት መመሪያ ድብርትን፣ ከእውነታ የሚያላቅቀውን ሳይኮሲስን፣ የሚጥል በሽታን፣ ሱስንና ራስን መጉዳትን የመሳሰሉትን ይሸፍናል፤ ስለ ስብዕና መታወክ ግን ራሱን የቻለ ምዕራፍ የለውም። ቅድሚያ የሚሰጣቸው ሕመሞች መቅደማቸውን አልቃወምም። ነገር ግን በድብርት ታክሞ ደጋግሞ የሚመለስ ሰው ከበስተጀርባው ምን እንዳለ የሚጠይቅ ከሌለ መድኃኒቱ እየተቀያየረ ዓመታት ያልፋሉ። በኔዘርላንድስ የስብዕና መታወክ ባለባቸው ታካሚዎች ላይ ተደርጎ እ.ኤ.አ. በ2008 የታተመ ጥናት፣ በሕክምና ወጪና በሥራ ምርታማነት ማነስ ከፍተኛውን ኪሣራ የሚያስከትሉት ስሜትና ግንኙነት የሚናወጥበት ቦርደርላይን የተባለው ዓይነትና ኦሲፒዲ መሆናቸውን አሳይቷል። ታታሪ ሠራተኛ የሚባለው ሰው ለመሥሪያ ቤቱ ውድ ሆኖ መገኘቱ የሥራ ኃላፊዎችን ሊያሳስባቸው ይገባል።

ወደ ሕክምናው ስመጣ፣ ለኦሲፒዲ ተብሎ የተፈቀደ መድኃኒት የለም። ድብርት ወይም ብርቱ ጭንቀት ሲኖር ሐኪም እንደ ፍሉኦክሰቲን ወይም ሰርትራሊን ያለ መድኃኒት ያዛል፤ መድኃኒቱ ተጓዳኙን ሕመም ሲያስታግስ ሰውየው ለመነጋገር አቅም ያገኛል። ዋናው ሕክምና የንግግር ሕክምና ነው። እ.ኤ.አ. በ2014 የታተመና በ12 የኔዘርላንድስ የሕክምና ተቋማት 323 ታካሚዎችን ያሳተፈ ጥናት ኦሲፒዲ ያለባቸውን ጨምሮ በተለያዩ የስብዕና መታወክ ዓይነቶች ላይ ከልጅነት ጀምሮ ሥር የሰደዱ የአስተሳሰብና የስሜት ልማዶችን የሚያክመው ስኪማ ቴራፒ የተባለው የንግግር ሕክምና ዘዴ ከተለመደው ሕክምና የተሻለ ውጤት እንዳስገኘ አሳይቷል። በአሜሪካም አራት የስብዕና መታወክ ዓይነቶችን፣ ከእነዚህም መካከል ኦሲፒዲን፣ ለዓመታት የተከታተለ ጥናት ብዙዎቹ ታካሚዎች ቀድሞ ይታሰብ ከነበረው ይበልጥ እንደሚሻሻሉ አረጋግጧል። «አመል መች ይለቃል» እያልን ተስፋ የምንቆርጠው ያለ በቂ ምክንያት ነው።

ችግሩ በኔዘርላንድሱ ጥናት የተሰጠው ሕክምና ወደ 50 የሚጠጉ ቀጠሮዎችን የሚፈልግ መሆኑ ነው። በግል ክሊኒክ የሚከፈለውን ዋጋ የሚያውቅ ሰው ይህ ለስንቱ እንደሚደርስ አይጠፋውም። ስለዚህ ብዙዎቻችን የምንሠራው አስተሳሰብንና ድርጊትን በመለወጥ ላይ የሚያተኩረውን የኮግኒቲቭ ቢሄቪየራል ሕክምናን አጠር አድርገን፣ ከቤት ሥራ ጋር ነው። የቤት ሥራው ቀላል ይመስላል፤ አልጋን ሳያነጥፉ ከቤት መውጣት፣ ለአለቃ ከሚጻፍ ማስታወሻ ላይ አንድ ነጥብ ሆን ብሎ አጉድሎ መላክ፣ ልጅ ሽንኩርት ገዝታ ስትመጣ ዋጋውን አለመጠየቅ። ታካሚው ከማድረጉ በፊት ምን ይደርሳል ብሎ እንደሚፈራ ይጽፋል፤ ካደረገው በኋላ የደረሰውን ይጽፍና ሁለቱን እናስተያያቸዋለን። ብዙውን ጊዜ አለቃው የጎደለውን ነጥብ አላየውም።

ባለሙያው የሚጠመድበት ወጥመድ ግን አለ። እነዚህ ሰዎች የቤት ሥራውንም ፍጹም አድርገው ነው የሚሠሩት። ያ የሂሳብ ሠራተኛ በሁለተኛው ቀጠሮ ሥራውን በሦስት ቀለም በተሰመረ ሠንጠረዥ አቀረበ፤ እኔም ሠንጠረዡን እዚሁ ትቶልኝ ቀጣዩን በተቀደደ ወረቀት ላይ በእርሳስ ጽፎ እንዲያመጣ ጠየቅሁት። የተቀደደ ወረቀት ማምጣቱ ከማንኛውም ሌላ የቤት ሥራ ይልቅ ከብዶት እንደነበር በኋላ ነግሮኛል። ስለ ስሜታቸው ሲጠየቁም ስለ ሐሳባቸው ነው የሚመልሱት፤ ባለሙያው ከእነሱ ጋር ስለ ትክክልና ስህተት ክርክር ከገጠመ ሰዓቱ ያልቃል፣ ክርክሩንም ይረታል የሚባለው ታካሚው ነው። ከዚህ ይልቅ «ትክክል ነዎት እንበል፤ ልጅዎ ግን ለምን አታናግርዎትም?» የሚለው ጥያቄ ሥራ ይጀምራል።

ለቤተሰብ የምለው አጭር ነው። ጠባዩን ስንፍና ወይም ክፋት ነው ብሎ መሟገት አይጠቅምም፤ የሚጠቅመው ቤቱን መከፋፈል ነው። ጓዳው በሚስት መንገድ፣ የመጻሕፍት መደርደሪያው በባል መንገድ ይሁን ተብሎ በስምምነት ሲወሰንና ውሳኔው ሲከበር ጭቅጭቁ ይቀንሳል። በሌላ በኩል ሕመም መሆኑ በደልን የሚያስፈቅድ አይደለም፤ ሚስትን ከቤት እንዳትወጣ መከልከል፣ ለምግብ የሚሆን ገንዘብ መንፈግና እጅ ማንሳት የትኛውም ዓይነት ምርመራ የማያስተባብለው ጥቃት ስለሆነ መንገዱ ሕክምና ብቻ ሳይሆን ሕግም ጭምር ነው።

በመጨረሻ ዝግጅት ክፍላችሁን ሁለት ነገር እጠይቃለሁ። የመጀመሪያው በሚቀጥለው እትም ኦሲዲና ኦሲፒዲ የተለያዩ መሆናቸውን የሚገልጽ አጭር እርማት እንድታወጡ ነው፤ የተሳሳተውን ምሳሌ ያነበበ ሰው የማይስማማውን ሕክምና ፍለጋ ሊሄድ ይችላል። ሁለተኛው ደግሞ ዓምዱ ስለ ስብዕና መታወክ ዓይነቶች ተከታታይ ጽሑፍ እንዲያወጣ ነው፤ በተለይ ለትዳር ሽማግሌዎችና ለሰው ኃይል አስተዳደር ኃላፊዎች የታሰበ ቢሆን ከፍተኛ ጥቅም ይኖረዋል። ጽሑፉን በማዘጋጀት ለመርዳት እኔም ሆንኩ የሥራ ባልደረቦቼ ፈቃደኞች ነን።

ከአክብሮት ሰላምታ ጋር፣
የሥነ ልቦና ሕክምና ባለሙያ
አዲስ አበባ